የመጀመሪያው የጌጥ መጋዝ እንዴት ይመረጣል?

የእንጨት ሥራን የሚወድና በትርፍ ጊዜው እጁን ለማፍታታት ያሰበ ሰው ወደ መሣሪያ መደብር ጎራ ባለ ጊዜ፥ ዐይኑን ከሚስቡት መኪናዎች አንዱ የጌጥ መጋዝ ነው። ነጋዴዎች በእንግሊዝኛ ስሙ «ስክሮል ሶው» ይሉታል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፥ የምላጩ ስፋት ከስንደዶ የማይበልጥ፥ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ እንጨቱን በተነደፈለት መሥመር የሚቈርጥ መኪና ነው። ሌላው መጋዝ ሁሉ ቀጥ ያለውን መንገድ ሲወድ፥ ይህ ግን ጠመዝማዛውን ይወዳል።

ዳሩ ግን መኪናው የሚያምረውን ያህል ምርጫው ቀላል አይደለም። ጀማሪው መልካሙን ከመጥፎው የሚለይበት ልምድ ገና የለውም፤ ልምዱን የሚያገኘው ደግሞ ከገዛ በኋላ ነው። መጥፎ መኪና የገዛ ጀማሪ ገንዘቡን ብቻ አያጣም። ምላጩ እየሾለከ፥ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ፥ መሥመሩ እየተጣመመ ሲያስቸግረው ጥፋቱን በመኪናው ሳይሆን በራሱ እጅ ያደርገዋል። «እኔ ለዚህ ሞያ አልተፈጠርኩም» ብሎ መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ጥግ ያስቀምጠዋል። በዚህ ዓይነት አንድ መልካም ባለሞያ ሊሆን የሚችል ሰው ገና በመጀመሪያው ወር ይጠፋል።

ስለዚህ ጕዳዩ ጥቂት ትዕግሥት የሚገባው ነው። ነገሩን ባጭሩ ለመናገር፥ የጌጥ መጋዝ የሚመረጠው በሞተሩ ጕልበት አይደለም፤ ምላጩን በሚይዝበት ብልኀትና በሚቆምበት እርጋታ ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በየተራው እናያለን።

ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ጥበብ

በቀጭን ምላጭ ጌጥ መቍረጥ ዛሬ የተጀመረ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1642 እስከ 1732 የኖረውና ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ የቤት ዕቃ ይሠራ የነበረው አንድሬ ሻርል ቡል፥ ስስ ናስና የኤሊ ልባስ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ በአንድ ጊዜ ይቈርጥ ነበር። ሁለቱ አብረው ስለ ተቈረጡ ከናሱ የወጣው ቅርጽ በኤሊው ልባስ ክፍት ቦታ ልክ ይገባለታል። ሁለት ሦስት ስስ ጣውላ ደርቦ ባንድ ጊዜ መቍረጥ ዛሬም የጌጥ መጋዝ ባለቤቶች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ዓመታት በሎንዶን ከተማ ካርታ ቀራጭ የነበረው ጆን ስፒልስበሪ፥ ካርታ በስስ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር እየቈረጠ፥ ልጆች መልሰው እየገጣጠሙ ጂኦግራፊ እንዲማሩበት ይሸጥ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ያለው ሥዕል የመገጣጠም ጨዋታ ከዚህ የመነጨ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በአሜሪካ በእግር እየተረገጠ የሚሠራ የጌጥ መጋዝ በብዙ ቤት ገባ፤ በኢሊኖይ ግዛት በሮክፎርድ ከተማ የነበረው የባርንስ ኩባንያ ከነዚህ መኪናዎች ሠሪዎች አንዱ ነበር።

በእኛም አገር ቢሆን ዐይን የሚያየው ምስክር አለ። በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ ከቆሙት የቀድሞ መኳንንት ቤቶች በአንዳንዶቹ ጣራ ጠርዝና በሰገነታቸው ዙሪያ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ ይታያል። በዚያን ዘመን የቤት አሠራር የህንድና የአርመን ባለሞያዎች እጅ እንደ ነበረበት የታወቀ ነው። ያን ጣውላ ቀና ብሎ ያየ ሰው የጌጥ መጋዝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ሥራው ስንት ክፍት ቦታ አለው?

ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ «ምን ልሠራበት ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የሚሠራው የልጆች መጫወቻ፥ የእንስሳት ቅርጽ ወይም የቤት ቍጥር ብቻ ከሆነ፥ መጋዙ ዳር ዳሩን ይዞራል፤ ምላጩ ከጫፍ ገብቶ በጫፍ ይወጣል። ነገር ግን የአገራችንን የመስቀል ሐረግ ወይም የመስኮት ጥልፍልፍ ለመሥራት ካሰበ ነገሩ ይለወጣል። በእንዲህ ያለው ሥራ እያንዳንዱ ክፍት ቦታ መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ከዚያም ምላጩ ከላይኛው መያዣ ይፈታና በቀዳዳው ገብቶ፥ እንደ ገና ታስሮና ተወጥሮ ውስጡ ይቈረጣል። አንዱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በላሊበላ መስቀል አምሳል የተነደፈ አንድ ጌጥ 40 ክፍት ቦታዎች አሉት እንበል። ምላጩን ፈትቶ፥ አግብቶና መልሶ አስሮ ለመነሣት 2 ደቂቃ የሚፈጅ መኪና ከሆነ፥ ገና ሳይቈረጥ ለመፍታትና ለማሰር ብቻ 80 ደቂቃ ይጠፋል። በሌላው መኪና ይኸው ነገር በ20 ሴኮንድ የሚሆን ከሆነ ግን ጠቅላላው 14 ደቂቃ አይሞላም። ልዩነቱ በአንድ ጌጥ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ይህን ጊዜ የትኛውም የሞተር ጕልበት ሊመልሰው አይችልም፤ ሰዓቱም ብቻ ሳይሆን የሠሪው ትዕግሥት አብሮ ያልቃል።

ምላጩን የሚይዘው ክፍል

የዚህ መኪና ምላጭ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 5 ኢንች ወይም 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ትንሽ ዘንግ የተሻገረበት ነው፤ ዘንጉ በመንጠቆ ላይ ስለሚያርፍ ለማሰር ቀላል ነው። ሁለተኛው ጫፉ ልሙጥ የሆነው ነው፤ ይህ በመቆንጠጫ መካከል ገብቶ በብሎን ይጠበቃል።

ነጋዴው ለጀማሪ ባለ ዘንጉን ማሳየት ይወዳል፤ በአንድ ንክኪ ይታሰራልና። ነገር ግን ዘንጉ በእንጨቱ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ቀዳዳውም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ክፍት ቦታ ያለው ጌጥ በዚህ ምላጭ አይሠራም። ልሙጡ ምላጭ ግን፥ መካከለኛው 5 ቍጥር እንኳ፥ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል በሆነች ቀዳዳ ይገባል። ከዚህም ሌላ ባለ ዘንጉ ምላጭ በጥቂት ዓይነት ብቻ ሲገኝ፥ ልሙጡ በብዙ መጠንና በብዙ የጥርስ ዓይነት ይሸጣል። ስለዚህ ባለ ዘንግ ምላጭ ብቻ የሚቀበለውን መኪና ጀማሪው ዋጋው ቢረክስለትም ባይገዛው ይሻለዋል። ሁለቱን የሚቀበለው ወይም ልሙጡን ብቻ የሚቀበለው ይሁንለት።

በዚህም ላይ «ሁለቱንም ይቀበላል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱ መኪና ልሙጡን ምላጭ የሚቀበለው በተጨማሪ ዕቃ አማካይነት ነው፤ ዕቃው ትንሽ፥ ብሎኑም በመፍቻ ካልሆነ የማይዞር ይሆናል። ገዢው በመደብሩ ውስጥ ልሙጥ ምላጭ እንዲታሰርለት ይጠይቅ፤ ከዚያም ራሱ ፈትቶ ይሰር፤ ሰዓቱንም ይመልከት። ብሎኑ ያለ መፍቻ በጣት የሚዞር፥ ምላጩን የሚወጥረው እጀታ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ያለ፥ የላይኛውም ክንድ ከፍ ብሎ የሚቆይለት ከሆነ፥ ይህ መኪና ለሥራ የታሰበ ነው።

ውጥረቱን ለማወቅ ደግሞ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አያስፈልገውም። በሚገባ የተወጠረ ምላጭ በጣት ሲመታ እንደ ክራር ጅማት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የደነቆረ ከሆነ ምላጩ ላልቷል፤ የላላ ምላጭ መሥመር አይጠብቅም። ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ ድምፁ የሚወርድ ከሆነ መቆንጠጫው ያንሸራትታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና መተው ነው።

የመኪናው እርጋታ

ምላጩ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ሲመላለስ ክንዱም አብሮ ይመላለሳል። ይህ እንቅስቃሴ መኪናውን ያንቀጠቅጠዋል። መንቀጥቀጡ ወደ እንጨቱ፥ ከእንጨቱም ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ዐይንም ቀጭኑን የእርሳስ መሥመር መከተል ያቅተዋል። ከባድ የብረት መሠረት ያለው መኪና ስለዚህ ከቀላሉ ይመረጣል።

የክንዱም አሠራር ልዩነት አለው። በብዙዎቹ ለጀማሪ በሚሸጡት መኪናዎች ላይ ከላይና ከታች ሁለት ረዣዥም ትይዩ ክንዶች አብረው ይመላለሳሉ። በአንዳንዶቹ ክንዱ አንድ ወጥ ሆኖ እንደ ቀለበት የጎበጠ ነው፤ ምላጩም ሲመላለስ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ይህ ለፍጥነት ሲረዳ ለጠባብ ኩርባ ግን ልምድ ይጠይቃል። በሦስተኛው ዓይነት ትልቁ ክንድ ቆሞ በውስጡ ያሉት ዘንጎች ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚመላለሰው ክብደት ጥቂት ስለ ሆነ መንቀጥቀጡም ያንሳል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው።

በመደብር ውስጥ ቀላል ፈተና አለ። መኪናው በጽኑ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አንድ የአንድ ብር ሳንቲም በጠርዙ አቁሞ በዝቅተኛው ፍጥነት ማስነሣት፥ ከዚያም ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ሳንቲሙ እስከ መካከለኛው ፍጥነት ከቆመ መኪናው ደኅና ነው። ወዲያውኑ ከወደቀ መኪናውን በብሎን ከጠረጴዛው ጋር አጥብቆ እንደ ገና መሞከር ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ መንቀጥቀጥ የመኪናው ሳይሆን የጠረጴዛው ጥፋት ነውና። ከዚህ በኋላ መኪናውን አጥፍቶ የላይኛውን ክንድ በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዝወዝ ነው፤ ክንዱ ወደ ጎን የሚላወስ ከሆነ መገጣጠሚያው ወይ ላልቷል ወይ ተበልቷል። አገልግሎት የሰጠ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ፈተና ፈጽሞ ሊረሳው አይገባም።

ፍጥነትና ስፋት

ፍጥነቱን ለመቀየር የሚያስችል መኪና መምረጥ ይገባል። ብዙዎቹ በደቂቃ ከ400 ወይም ከ500 አንሥቶ እስከ 1,600 ወይም 1,800 ምልልስ ድረስ ይሄዳሉ። ጠንካራ እንጨት በፍጥነት ሲቈረጥ ይቃጠላል፤ ስስ ጣውላም ይሰነጠቃል፤ ጀማሪውም በዝግታ ካልሆነ መሥመሩን አይከተልም። አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው መኪና ተማሪውን በራሱ ፍጥነት እንዲሮጥ ያስገድደዋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል።

ከምላጩ እስከ ኋለኛው ቋሚ ያለው ክፍተት የሚቈረጠውን ጣውላ መጠን ይወስናል። ለጀማሪ የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ 16 ኢንች ማለት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አላቸው፤ ትልልቆቹ 20 ኢንችና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ለመጀመሪያ መኪና 16 ኢንች ይበቃል፤ ሰፊ ጌጥ ካልታሰበ በቀር ለተጨማሪው ስፋት መክፈል አያስፈልግም። የውፍረቱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ በብዙው መኪና ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቈርጣል ተብሎ ቢጻፍም፥ በደስታ የሚሠራበት ውፍረት 2 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ነው።

የኤሌክትሪኩ ጕዳይ

ከውጭ አገር ዘመድ ዕቃ ለሚላክለት አንባቢ ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የአሜሪካው ግን 120 ቮልትና በሴኮንድ 60 ጊዜ ነው። ለምሳሌ በብዙ ባለሞያዎች ዘንድ የታወቀው «ዴዋልት 788» የተባለው መኪና 20 ኢንች ክፍተት፥ በደቂቃም ከ400 እስከ 1,750 ምልልስ ያለው መልካም መኪና ነው፤ ነገር ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። እንዲሁ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ቢያያዝ ሞተሩ ይቃጠላል።

ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ኀይሉም ከመኪናው ፍጆታ እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይለውጥም፤ በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ሞተር ከተሠራበት ፍጥነት ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ይሞቃልም። በአውሮፓ ወይም በዐረብ አገሮች ለ220 ቮልትና በሴኮንድ ለ50 ምልልስ የተሠራ መኪና ቢመጣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ዘመድ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት በመኪናው ላይ የተለጠፈውን ጽሕፈት ፎቶ አንሥቶ ቢልክ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ምላጭና እንጨት

መኪና ገዝቶ ምላጭ መርሳት በቅሎ ገዝቶ ልጓም እንደ መርሳት ነው። ምላጭ በደርዘን ይሸጣል። እንደ እንጨቱ ጥንካሬ አንዱ ምላጭ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ ከመኪናው ገንዘብ ላይ ለጥቂት ደርዘን ምላጭ ማስቀረት ያስፈልጋል። የምላጭ ቍጥር እያደገ ሲሄድ መጠኑም ያድጋል፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ጣውላ 2 ወይም 3 ቍጥር፥ ለ2 ሳንቲ ሜትር 5 ቍጥር፥ ለጠንካራና ለወፍራም ደግሞ 7 ወይም 9 ቍጥር ይስማማል። ጥርሱ ሁልጊዜ ወደ ታች እንዲመለከት ሆኖ ይታሰራል። ከታች ያሉት ጥቂት ጥርሶቹ ወደ ላይ የዞሩለት ዓይነት የጣውላው ሥር እንዳይሰነጣጠር ስለሚረዳ ለጀማሪ መልካም ነው። እንደ ገመድ የተጠመዘዘውን ምላጭ ግን ለኋላ ማቆየት ነው፤ በሁሉም በኩል ስለሚቈርጥ መሥመር ያስታል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። ምላጩ በፋብሪካ ተጨፍልቆ ሲወጣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ይልቅ ይሻክራል፤ በዚህ ምክንያት እንጨቱ ቀጥ ብሎ ሲገፋ መሥመሩ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ይህ የመኪናው ብልሽት አይደለም፤ የጀማሪውም እጅ ጥፋት አይደለም። እንጨቱን ጥቂት አጋድሎ መግፋት ነው፤ እጅ በጥቂት ቀን ይለምደዋል።

ለልምምድ ውድ እንጨት አያስፈልግም። ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን የተረፈ ስስ ጣውላ ይበቃል። እጅ ከለመደ በኋላ ዋንዛ ለዚህ ሥራ የሚመች ሆኖ ይገኛል፤ ለስላሳ ነው፤ መልኩም ያምራል። ወይራ እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ምላጭ ይበላል፤ በፍጥነትም ከተገፋ ይቃጠላል። በጣውላው ፊት ላይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ለጥፎ ንድፉን ከላዩ ማድረግ ቃጠሎውን እንደሚቀንስ ባለሞያዎች ያውቃሉ።

የጤና ጥንቃቄ

የጌጥ መጋዝ ከሌሎቹ የኤሌክትሪክ መጋዞች ይልቅ ገር ነው፤ ግን መጋዝ መሆኑ አይዘንጋ። ጣት በምላጩ ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ምላጭ ሲለወጥ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ ነጠላና ሰፊ እጅጌ ከመኪናው አጠገብ አይቀርብም፤ ምላጭ ተሰብሮ ሊፈናጠር ስለሚችል መነጽር ይደረጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። ይህ መጋዝ የሚያወጣው ብናኝ ደቃቅ ስለ ሆነ በአየር ላይ ብዙ ይቆያል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቦታል። ስለዚህ አፍና አፍንጫን መሸፈን፥ መስኮት መክፈት፥ መኪናውንም ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ማራቅ ግዴታ ነው። መኪናው ብናኙን ከመሥመሩ ላይ እፍ የሚል ቱቦ ቢኖረው ዐይንን ይረዳል እንጂ ሳንባን አያድንም።

ገንዘቡ ባይሞላስ?

ገንዘቡ ለመልካም መኪና ያልሞላለት ሰው በመጥፎው አይቸኩል። ያው ልሙጥ ምላጭ በእጅ በሚያዝ የደጋን ቅርጽ ባለው የብረት መያዣ ላይ ይታሰራል፤ ዋጋውም ከመኪናው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጣውላ አስሮ፥ በዚያ ላይ እንጨቱን ይዞ፥ ምላጩን ወደ ታች እየሳቡ መቍረጥ ነው። ቡል ለንጉሥ የሠራው ጌጥ በእንዲህ ያለ የእጅ መጋዝ የተቈረጠ ነው። በእጅ መጋዝ ሁለት ሦስት ወር የሠራ ሰው ምላጭ መወጠርን፥ ኩርባ ማዞርን፥ መሥመር መከተልን ይማራል፤ ወደ መደብር ሲሄድም ነጋዴው የሚነግረውን ሳይሆን እጁ የሚነግረውን ይሰማል።

እንግዲህ ገዢው በመደብር ቆሞ ብዙ ነገር ይነገረዋል፤ ስለ መብራቱ፥ ስለ ቀለሙ፥ ስለ ሞተሩ። እርሱ ግን ልሙጥ ምላጭ ይዞ ይሂድ፤ ይሰር፤ ይፍታ፤ እንደ ክራር ይምታ፤ ሳንቲም ያቁም፤ ክንዱን ይወዝውዝ፤ የቮልቱን ቍጥር ያንብብ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ዛሬ ሩብ ሰዓት የታገሠ ጀማሪ ነገ በገዛ እጁ የፈለፈለውን መስቀል ከግድግዳው ላይ ይሰቅላል።